አንዲት ብሎን ስትረሳ

የእህል ወፍጮ ሁላችንም እናውቃለን። ሞተሩ ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ይፈታዋል፤ ያጸዳዋል፤ መልሶ ይገጥመዋል። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ መሬት ላይ አንዲት ብሎን ተርፋ ትገኛለች። «ይህቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ይባላል። ወፍጮው ይነሣል፤ ጥቂት ይፈጫል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ሊያስፈጩ የመጡት ሰዎች እህላቸውን መልሰው በአህያ ጭነው ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳሉ። ጉዳቱ የአንድ ቀን ድካም ነው።

መኪናም ቢሆን መንገድ ላይ ሲበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል። ረዳቱ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያደርጋል። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። አውሮፕላን ግን ዳር ይዞ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ስለዚህ መሬት ላይ የተረሳች ብሎን አየር ላይ የሰው ሕይወት ልታጠፋ ትችላለች። በዚህች ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው፤ አውሮፕላንን ከብልሽት ለማዳን የሚደረገው ጥገና ራሱ እንዴት የአደጋ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል።

በቅድሚያ ስለ ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ጥቂት እንበል። አውሮፕላን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መቶና ሁለት መቶ ሰው የሚጭነው ትልቁ ነው። ነገር ግን ሁለት፣ አራት፣ አሥር ወይም አሥራ ዘጠኝ ሰው ብቻ የሚይዙ ትናንሽ አውሮፕላኖችም በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ናቸው። በሽተኛ ያመላልሳሉ፤ መድኃኒት ያደርሳሉ፤ በሰብል ላይ ፀረ ተባይ ይረጫሉ፤ አዳዲስ አብራሪዎች ይሠለጥኑባቸዋል። ብዙዎቹ ያላቸው ሞተር አንድ ብቻ ነው። አብራሪውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ሞተሩ ቢቆም ሁለተኛ ሞተር፣ አብራሪው ቢሳሳት ሁለተኛ አብራሪ የለም ማለት ነው።

በቅሎ በልጓም እንደምትታዘዝ ሁሉ ትንሽ አውሮፕላንም የሚታዘዝበት ልጓም አለው። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ ከጭራው ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል። መሪውን ወደ ፊት ሲገፋ ሰሌዳው ዝቅ ይላል፤ አፍንጫውም ያቀረቅራል። ይህ ሰሌዳ ኤሌቬተር ይባላል። በብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች መሪውንና ኤሌቬተሩን የሚያገናኛቸው ከብረት ሽቦ የተገመደ ገመድ ነው። ገመዱ በጣም ከላላ ሰሌዳው አይታዘዝም። ያለ አግባብ ከተወጠረም ሰሌዳው መድረስ ያለበት ቦታ ላይደርስ ይችላል። ይህን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዕቃ በጊዜው መመርመርና መጠገን ግድ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ትንሽ አውሮፕላን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። በክፍያ ሰው የሚያመላልስ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይታያል። በምርመራው ጊዜ ክዳኖቹ ይከፈታሉ፤ ዘይቱ ይለወጣል፤ ገመዶቹ ይለካሉ፤ ያረጀው በአዲስ ይተካል።

ነገር ግን የሚያስገርም ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲ. ኤች. ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ፣ ባሕር ጠረፍ ይጠብቁ የነበሩትን የአገሩን የጦር አውሮፕላኖች የብልሽት መዝገብ መረመረ። አውሮፕላኖቹ በየ50 የበረራ ሰዓቱ ይፈተሹ ነበር። ከፍተሻ በኋላ ብልሽት ይቀንሳል ብሎ ማንም ይጠብቃል አይደል? መዝገቡ የሚያሳየው ግን ተቃራኒውን ነበር። ብልሽት የሚበዛው ልክ ከፍተሻው እንደወጡ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ እያደር ይቀንሳል። ደህና የነበረውን ዕቃ መፍታትና መግጠም በራሱ አዲስ ብልሽት ያመጣ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ጥገናው ይቅር?» የሚል አይጠፋም። አይቅር። ያልተጠገነ አውሮፕላን ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ መውደቁ አይቀርም። ነገሩ የሚያስተምረን የሰው እጅ የገባበት ቦታ ሁሉ ሁለተኛ መታየት እንዳለበት ነው። የሞተር ዘይት መለወጥን የመሰለ ቀላል ሥራ እንውሰድ። የድሮው ዘይት በታች በኩል ይወርዳል፤ መውረጃው ይደፈናል፤ አዲስ ዘይት በላይ ይጨመራል። የመውረጃው መድፈኛ ከሞተሩ መንቀጥቀጥ የተነሣ እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ይታሰራል። መካኒኩ መድፈኛውን አጥብቆ ሽቦውን ሳያስር ሰው ጠራው እንበል። ተመልሶ ሲመጣ መድፈኛው ቦታው ላይ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ምንም አልጎደለውም። ክዳኑን ይዘጋል። አውሮፕላኑ ይነሣል። መድፈኛው ቀስ በቀስ ይላላል፤ ዘይቱ ይፈሳል፤ ሞተሩ ይደርቅና ይነክሳል። ከሥር ያለው ሜዳ ከሆነ አብራሪው እንደ ምንም ያርፍ ይሆናል። ጫካ ወይም ገደል ከሆነስ?

እስቲ አሁን በእውነት ከደረሱት አደጋዎች ጥቂቶቹን እንይ። ሁሉም የደረሱት በውጭ አገር ነው። የመረጥናቸው ምክንያታቸው በይፋ ተመርምሮ፣ እያንዳንዱ ነገር በዝርዝር ተጽፎ ስለተገኘ ነው።

የመጀመሪያው የደረሰው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ ጳጉሜ 6 ቀን 1983 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1991) ነው። አውሮፕላኑ 30 መቀመጫ ያለው ኢምብራየር ነበር። ባለፈው ሌሊት ጥገና ላይ አድሯል። ሥራው በጭራው አግድም ክንፍ ጠርዝ ላይ ያለውን በረዶ የሚያራግፍ የጎማ ሽፋን መለወጥ ነበር። የማታው ፈረቃ ሠራተኞች በቀኝ በኩል ሥራ ጀመሩ። አንድ ተቆጣጣሪ ሊያግዛቸው ወጣና በግራው በኩልም ከላይ ያሉትን ብሎኖች ፈታ። ብዛታቸው 47 ነበር። ከዚያ ፈረቃው ተለወጠ። የሌሊቱ ፈረቃ የቀኙን ጨረሰ፤ የግራው ሳይነካ ቀረ። ብሎኖቹ መፈታታቸውን ግን ማንም አላወቀም።

እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? የሚቀጥለው ፈረቃ ተቆጣጣሪ ቀደም ብሎ መጥቶ መዝገቡን አንብቧል። የማታው ተቆጣጣሪ ግን ሥራውን ገና አልጻፈም ነበር። አንዱ አነበበ፤ ሌላው ከተነበበ በኋላ ጻፈ። ሁለቱም ሥራቸውን የሠሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፉና አንባቢው ሳይገናኙ ተላለፉ። የታችኞቹ ብሎኖች ባሉበት ስለነበሩ ጠርዙ ከሥር ሲታይ ደህና ነው። የዚህ አውሮፕላን ጭራ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ላዩን ማየት አይቻልም። በማግሥቱ ሰው ጭኖ በረረ። ለማረፍ ዝቅ በማለት ላይ ሳለ ጠርዙ ተገንጥሎ ሄደ። ውስጡ የነበሩት 14 ሰዎች አለቁ።

ብሎን ካነሣን አይቀር ስለ ሌላም እናውራ። ይህኛው ትንሽ አውሮፕላን አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለትንሹም ይሠራል። ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1990) 87 ሰዎች ይዞ ከእንግሊዝ አገር የተነሣ አውሮፕላን የፊት መስተዋቱ አየር ላይ ተነቅሎ ሄደ። ነፋሱ ካፒቴኑን ከወገቡ በላይ በመስኮቱ ጎትቶ አወጣው። አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው ቀሩ፤ ረዳት አብራሪው ብቻውን አሳረፈ። ካፒቴኑ በሕይወት ተረፈ ብንላችሁ ታምናላችሁ? ተረፈ፤ ከሌሎቹም የሞተ የለም። ሲመረመር መስተዋቱ የተለወጠው በቅርቡ በሌሊት ፈረቃ ነው። ከ90ዎቹ ብሎኖች 84ቱ መሆን ከሚገባቸው ቀጠን ያሉ ነበሩ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሥራውን የሠራው ሰው ብሎኖቹን የመረጠው ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን አስተያይቶ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የተጻፈው መጽሐፍ ግን ነበር። በመጽሐፉ ፈንታ ዓይኑን አመነ።

አሁን ከፍ ብለን ስለ ገመድ ወዳነሣነው እንመለስ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1995 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2003)፣ በእኛ የገና ማግሥት መሆኑ ነው፣ ሻርሎት ከምትባል የአሜሪካ ከተማ ቢችክራፍት 1900 የተባለ አውሮፕላን ተነሣ። 19 ተሳፋሪዎችና 2 አብራሪዎች ይዟል። ሙሉ ነበር። ገና ከመሬት እንደለቀቀ አፍንጫው ወደ ላይ መነሣት ጀመረ። ካፒቴኗ መሪውን ወደ ፊት ገፋች። አፍንጫው ግን አልወረደም። እየቀና ሄዶ ሽቅብ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ክንፎቹ አየሩን መያዝ አቃታቸውና ወደቀ። ከተነሣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። 21ዱም ሞቱ።

ምን ሆኖ ነው? ከሁለት ሌሊት በፊት አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ ውስጥ ፍተሻ ላይ ነበር። የኤሌቬተሩ ገመድ ላልቶ ተገኘና እንዲወጠር ተደረገ። ሥራውን የሠራው መካኒክ በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ይህን ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ሥራውን የሚያሳየው ሰው አብሮት ነበር። የጥገናው መጽሐፍ ገመዱ ሲስተካከል ደረጃ በደረጃ መደረግ ያለበትን ሁሉ ይዘረዝራል። እነሱ ግን ገመዱን ለመወጠር ያህል ሁሉም አያስፈልግም ብለው ብዙዎቹን ደረጃዎች ዘለሏቸው። ከተዘለሉት ሥራዎች አንዱ ኤሌቬተሩ እስከ የት ድረስ እንደሚወርድ መለካት ነበር። ቢለኩት ኖሮ ወደ ታች መሄድ ከሚገባው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚሄድ ያዩ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ያን ሰው የሚያሠለጥነውና ሥራውን አይቶ «ልክ ነው» ብሎ የሚፈርመው አንድ ሰው ነበር። አሠልጣኙ ሲያሳይ የዘለለውን፣ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲመጣ እንዴት ያየዋል? የገዛ ራሱን ስሕተት ነው የሚያየው። እኛ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ መካኒክ ትከሻ ላይ መጫን ትክክል የማይመስለን ስለዚህ ነው። ሁለተኛ ዓይን የሚባለው ነገር እዚያ ሌሊት አልነበረም።

ሌላም ጥያቄ አለ። አውሮፕላኑ ከጥገናው በኋላ ወዲያው ለምን አልወደቀም? 9 ጊዜ በደህና በሯል! ምክንያቱ ጭነቱ ነው። በእነዚያ በረራዎች ጭነቱ የቀለለ ስለነበር ኤሌቬተሩ ብዙ መውረድ አላስፈለገውም። በዚያን ዕለት ግን ሰውም ዕቃም ሞልቶበታል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ያመዘነ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተሞላው ክብደት ከእውነተኛው ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ሰው በሚዛን አይመዘንም፤ አማካይ ተብሎ በተወሰነ ቁጥር ይሰላል እንጂ። ያ ቁጥር የተወሰነው ሰዎች ክብደታቸው አነስ ባለበት ዘመን ነበር። ከአደጋው በኋላ ተሳፋሪዎች ተመዝነው ሲታዩ ከተገመተው በላይ ከብደው ስለተገኙ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ተደረገ። እንግዲህ የጥገናው ስሕተት ብቻውን ወይም የጭነቱ ስሕተት ብቻውን ያን ያህል ባልጎዳ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቀን ተገናኙ። በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2005) የአየር መንገዱ ኃላፊ በሟቾቹ ቤተሰቦች ፊት ቆሞ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ኩባንያዎች እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ አይታይም።

በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ያው ዓይነት አውሮፕላን ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሃያኒስ ተነሥቶ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ተሳፋሪ አልነበረበትም፤ ሁለቱ አብራሪዎች ሞቱ። በዚህኛው የተበላሸው ትሪም የሚባለው ነው። ትሪም ማለት አብራሪው መሪውን ሁልጊዜ በክንዱ ጉልበት እየገፋ ወይም እየሳበ እንዳይደክም የሚያግዘው፣ ከኤሌቬተሩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሰሌዳ ነው። የትሪሙ ገመድ ከበረራው በፊት ተለውጦ ነበር፤ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ተገጠመ። የግራ ልጓሟ በቀኝ፣ የቀኙ በግራ የታሰረባትን በቅሎ አስቡ። ባለቤቷ ከገደሉ ለመራቅ ሲስባት ወደ ገደሉ ትዞራለች፤ ደንግጦ አጥብቆ ሲስብ ይብስባታል። አብራሪዎቹም የገጠማቸው ይኸው ነው። አፍንጫውን ለማንሣት ትሪሙን ሲያዝዙት አፍንጫው ይደፋል።

መካኒኮቹ የጥገናውን መጽሐፍ አልተመለከቱም እንዳንል፣ መጽሐፉ ውስጥ የነበረው ሥዕል ራሱ የገመዱን መጠቅለያ ገልብጦ ያሳይ ነበር። መጽሐፍም ይሳሳታል እንግዲህ! ታዲያ መዳኛው ምን ነበር? ሥራው እንዳለቀ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ትሪሙን ቢያዞር፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከጭራው ዘንድ ቆሞ ሰሌዳው ወዴት እንደሄደ ቢያይ ነገሩ ይገለጥ ነበር። ያ ፍተሻ እንደሚገባ አልተደረገም። አብራሪዎቹም ከመነሣታቸው በፊት በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን የትሪም ፍተሻ አላደረጉም። ሦስት በሮች ነበሩ፤ ሦስቱም ክፍት ሆነው ተገኙ።

የመጨረሻው ቅርብ ጊዜ የሆነ ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2022) ኦተር የተባለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በአሜሪካ ምዕራብ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ባሕር ውስጥ ወደቀ። ኦተር በካናዳ የተሠራ ነው፤ ይህኛው በጎማ ፈንታ ጀልባ መሳይ እግር ተደርጎለት ውኃ ላይ የሚነሣና የሚያርፍ ነበር። አብራሪውና 9 ተሳፋሪዎች ሞቱ። ስብርባሪው ከባሕር ወለል ወጥቶ ሲታይ፣ የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያስተካክለው ዕቃ ሁለት ቦታ ተለያይቶ ተገኘ። መርማሪዎቹ ጥርሱን ተመለከቱ። አልተሰበረም፤ አልተጨረገደም። ዳዶው ቀስ በቀስ በራሱ ተፈትቶ ነው የወጣው። እንዳይፈታ የሚይዘው አንድ ትንሽ የመቆለፊያ ቀለበት ነበር። ቀለበቱ በቦታው አልተገኘም። በዚያው በፈረንጆች 2022 የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በአገሩ ያሉ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች ሁሉ ቀለበታቸው እንዲታይ በአስቸኳይ አዘዘ።

እንግዲህ እነዚህ መካኒኮች ሰነፎች ወይም ሥራቸውን የማያውቁ ነበሩ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ብዙው የጥገና ሥራ የሚሠራው በሌሊት ነው፤ አውሮፕላኑ ቀን ሲበር ስለሚውል። ሌሊት ደግሞ ዓይንም ሐሳብም ይደክማል። ጠዋት መንገደኛ ስለሚጠብቅ አለቃው «ቶሎ በሉ» ይላል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። መቶ ጊዜ በደህና የሠሩትን ሥራ መቶ አንደኛ ጊዜ ሲሠሩት እጅ እንጂ ልብ አብሮ አይሠራም። በራሳችን ሥራም እናውቀዋለን፤ የበሩን ቁልፍ መዝጋታችንን ከቤት ርቀን ሄደን የምንጠራጠረው ስንቴ ነው?

ስለዚህ የአውሮፕላን ጥገና ሕግ የሚጀምረው ሰው እንደሚረሳ በማመን ነው። የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው በመዝገብ ይጻፋል፤ ይፈረማል። መካኒኩ ሥራውን አቋርጦ ለመሄድ ከተገደደ ያልጨረሰው ቦታ ላይ ቀይ ጨርቅ ወይም ወረቀት ያንጠለጥላል፤ በጽሑፍም ያስቀምጣል። መሪና ገመድ የተነካ እንደሆነ በብዙ አገሮች ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ እንዲያዩት ይታዘዛል። አብራሪውም ከመነሣቱ በፊት መሪውን ወደ ግራ ያዞርና አንገቱን አውጥቶ ክንፉን ያያል፤ የግራው ሰሌዳ ከፍ፣ የቀኙ ዝቅ ማለት አለበት። መንቀሳቀሱ ብቻ አይበቃም፤ በትክክለኛው በኩል መንቀሳቀሱን ነው የሚያየው።

መሣሪያም ይቆጠራል። በደንብ በተያዘ የአውሮፕላን ጋራዥ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ ካቻቪቴ፣ የእያንዳንዱ ጉጠትና መዶሻ ቅርጽ በቀለም ተሥሏል። መሣሪያው ሲወሰድ ቦታው ባዶ ሆኖ ቅርጹ ብቻ ይታያል። ማታ ሥራ ሲያልቅ ሰሌዳው ይታያል። አንድ ካቻቪቴ ከጎደለ ኪስ ይፈተሻል፤ ወለሉ ይጠረጋል፤ የተዘጋው ክዳን እንደገና ይፈታል። መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ ቢጠብቅም፣ ካቻቪቴው እስኪገኝ ድረስ ያ አውሮፕላን ከጋራዡ አይወጣም።